«ማን ብዙ ይቆያል?»

ፊቱን ውኃ ውስጥ መንከር የሚፈራ ልጅ ዋና አይለምድም። አንገቱን ቀና ሲያደርግ እግሩ ይሰምጣል፣ ቶሎም ይደክማል። ይህን ፍርሃት የሚያስለቅቀው ቁጣ ሳይሆን ጨዋታ ነው።

በአረፋ ጀምሩ። ወገቡ ድረስ በሚሆን ውኃ ውስጥ ቆሞ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ ይበል፤ ቀጥሎ ፊቱን ነክሮ በአፍንጫው ያውጣ። በአፍንጫው አየር እያወጣ ያለ ልጅ ውኃ አይገባበትም። ከዚያ አብራችሁት ጥለቁና ከውኃ በታች የአንድ ሰው ስም ይጩኽ፤ እናንተ ገምቱ። መቼም የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ ሳቁ ግን ፍርሃቱን ያስረሳዋል።

ደፈር ሲል አንዳንዶች ሳንቲም ይጥላሉ። እኔ የሻይ ማንኪያ እመርጣለሁ፤ ያብረቀርቃል፣ ለመዋጥም አይመችም። ጥልቀቱ 2 ወይም 3 ሜትር ሲደርስ ጆሮ ይታመማል፤ አፍንጫውን ይዞ በቀስታ እፍ ይበል፣ ካልተሻለው ይውጣ። ጉንፋን የያዘው ቀን አይጥለቅ።

ለበረታው ደግሞ ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ፣ እጆቹን ከራሱ በላይ አጋጥሞ እንደ ቀስት መንሸራተት ነው። ታላላቆቹ ዋናተኞችም ይህን አይተዉም፤ በዓለም አቀፍ የፍሪስታይል ውድድር ከተነሡ ወይም ከታጠፉ በኋላ ከውኃ በታች መሄድ የሚፈቀድላቸው እስከ 15 ሜትር ብቻ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። «ማን ትንፋሹን ይዞ ብዙ ይቆያል?» የሚለውን ጨዋታ ከቤታችሁ አስወጡት። አባቶች በተለይ ትወዱታላችሁ፤ የእኔም ባለቤት፣ መጋቢ ቢሆንም፣ በዚህ የሚሸነፍ አይመስለውም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኦሊምፒክ እንኳ ከውኃ በታች የመዋኘት ውድድር ነበረ፤ ከዚያ በኋላ ግን አልተደገመም።

ተንፍሱ እያለ የሚያስጨንቀን በዋናነት የኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። ልጁ ከመጥለቁ በፊት ደጋግሞ በኃይል ሲተነፍስ ይህንኑ ጋዝ ያስወጣል፤ ኦክሲጅኑ ግን ያን ያህል አይጨምርም። ስለዚህ ጭንቀቱ ሳይሰማው ኦክሲጅኑ ያልቅና ራሱን ይስታል። አይንፈራገጥም፣ አይጮኽም። ከላይ ለሚያየው ገና የሚጫወት ይመስላል። ዋና ማወቅም አያድንም፤ እንዲያውም ጭንቀቱን መቋቋም የለመደው ነው ይበልጥ የሚጋለጠው።

እንግዲህ ማንኪያ ቁጠሩ እንጂ ሰከንድ አትቁጠሩ። ከመጥለቁ በፊት አንድ ተራ ትንፋሽ ይበቃል፤ በየመካከሉ ደግሞ በደንብ ይረፍ። አንዱ ሲጠልቅ ሌላው ከላይ ሆኖ ይመልከት፤ ሁለቱ አብረው አይጥለቁ።

ከኅብረት ጋር ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ስትሄዱ እነዚህን ጨዋታዎች እዚያ አትሞክሩ። የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ስለ ሆነ የጠለቀ ሰው አይታይም፤ የቢሾፍቱዎቹም ከዳር ብዙ ሳይርቁ ድንገት ይጠልቃሉ።

ገንዳው የሕይወት አድን ሠራተኛ ቢኖረውም ባልና ሚስት ተራ ግቡ፤ 20 ደቂቃ አንዳችሁ፣ 20 ደቂቃ ሌላችሁ። ተረኛው ስልኩን ለሌላው ይስጥ፤ ቡናውም ተራው እስኪያልቅ ይቆየው።