«ልጄ፣ ወረቀቱ የታለ?»

የ27 ዓመቷ ጠያቂያችን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጠቅላላ አገልግሎት ቡድን መሪ ከሆነች ገና አራት ወሯ ነው። ከሥሯ ካሉት አንዱ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ናቸው፤ 58 ዓመታቸው። «በቴሌግራም ‹ለእገሌ አንድ ላፕቶፕ ይስጡልኝ› ብዬ ስጽፍላቸው አይተው ዝም ይላሉ። ስሄድ ደግሞ በሰው ፊት ‹ልጄ፣ ወረቀቱ የታለ?› ይሉኛል። ወጣት ስለሆንኩ ንቀውኝ ነው። ማስጠንቀቂያ ልጽፍባቸው ነው፤ ምን ትመክረኛለህ?» ትላለች።

ኧረ ቆይ እህቴ! ሁለት ነገር አደባልቀሻል።

በወረቀቱ ጉዳይ ሰውዬው ልክ ናቸው። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲጠየቅ በሞዴል 20፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው። ላፕቶፑ ነገ ቢጠፋ ኦዲተር የሚያገላብጠው የሞዴሉን ጥራዝ እንጂ ያንቺን ቴሌግራም አይደለም። ደግሞስ ስንት ጊዜ ቀራቸው? ጡረታ መውጫው 60 ነው፤ ሁለት ዓመት! ያኔ ክሊራንስ ሊያስፈርሙ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ አንድ ዕቃ ቢጎድል የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። አንቺ እስከዚያ ሌላ መሥሪያ ቤት ገብተሽ ይሆናል። (የዘንድሮ ወጣት አንድ ቦታ አይረጋም፤ በዚህ ደሞዝ እኔም አልፈርድበትም።) አንቺ ንቀት ያልሽው እኮ የእሳቸው ፍርሃት ነው። ዕድሜ ልካቸውን በፊርማ የኖሩ ሰው በስልክ መልእክት ንብረት አውጡ ሲባሉ ቢደነግጡ ይገርማል?

«ልጄ» ግን ሌላ ነው። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ቢሉሽ ምንም አይደል፤ እናትሽም ትልሻለች። ስብሰባ ላይ፣ የምታዣቸው ሠራተኞች እየሰሙ ሲሆን ግን ትእዛዝሽን ያቀለዋል። ይህን ዋጥ አድርጊው አልልሽም።

በይ ቢሮሽ አታስጠሪያቸው፤ አንቺው ሂጂ። ሻይም ይዘሽ ብትሄጂ አይከፋም። «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሞዴሉን አስሞልቼ፣ ፈርሜ እልክልዎታለሁ። ቴሌግራሙ ቀድመው እንዲያውቁት ብቻ ነው። እርስዎም ሰው ባለበት በስሜ ይጥሩኝ» በያቸው። የፈለጉትን ስለሰጠሻቸው የፈለግሽውን ለመስጠት አይከብዳቸውም።

ሞዴሉ ተሞልቶ፣ ፊርማሽ አርፎበት፣ አሁንም ዕቃው አልወጣም ካሉ ያኔ ደብዳቤሽን ጻፊ። በቴሌግራም እንዳትልኪው ብቻ!