የሥዕል መጽሐፍን ስለ መውደድ

ልጆች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ የማይወድ ማን ነው? ገና ፊደል ያልለየ ሕፃን እንኳ መጽሐፍ ሲሰጡት አስቀድሞ የሚፈልገው ሥዕሉን ነው።

በአሜሪካ አገር ታሪክን በተርታ በተሣሉ ሥዕሎች የሚናገር፥ የሰዎቹም ንግግር ከአፋቸው አጠገብ የሚጻፍበት ቀጭን መጽሐፍ አለ፤ ስሙም ኮሚክስ ይባላል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም. ጀሪ ሲግል የሚባል ደራሲና ጆ ሹስተር የሚባል ሠዓሊ፥ ኹለቱም የስደተኞች ልጆች፥ ሱፐርማን የተባለውን በሰማይ የሚበር ኃይለኛ ሰው በዚህ ዐይነት መጽሐፍ አወጡ። መብቱን ግን በ130 ዶላር ብቻ ሸጠውት ነበር። የመጽሐፉም ዋጋ 10 ሳንቲም ስለ ኾነ ልጆች ኹሉ ገዝተው ያነቡት ነበር።

ትልልቆቹ ግን ይህን አልወደዱም። በ1948 ዓ.ም. በዌስት ቨርጂኒያ በስፔንሰር ከተማ ተማሪዎች በመምህር መሪነት ኹለት ሺህ ያህል ኮሚክስ ሰብስበው በትምህርት ቤታቸው ግቢ አቃጠሉ። መምህራን ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ስርቆትና ነፍስ መግደል ይታይ ነበርና። ነገር ግን እሳት ክፉውን ከደጉ አይለይም። እኔም መምህር ነኝና ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ልጅ የሚወደውን መጽሐፍ ከእጁ ነጥቆ ከማቃጠል ይልቅ ከእርሱ ጋራ ተቀምጦ ማንበብ ይሻላል እላለሁ።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረች። በአሜሪካ ድኽነት ጸንቶ በነበረበት ዘመን ከወንድሟ ጋራ ኾና ኮሚክስ ትገዛ ነበር፤ ከገዟቸውም አንዱ በ1939 ዓ.ም. የታተመው የሱፐርማን የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። አደገች፥ አገባች፥ ልጆችም ወለደች፤ መጻሕፍቱን ግን አልጣለችም። ለልጆቿም ውድ መጻሕፍት አሉኝ ትላቸው ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አላሳየቻቸውም። እርሷ ከሞተች በኋላ፥ በ2024 ዓ.ም. ሦስቱ ወንዶች ልጆቿ በካሊፎርኒያ ያለውን ቤቷን ሲያጸዱ ከጣሪያው ሥር ባለው ቆጥ ላይ፥ በአሮጌ ጋዜጣ ክምር ሥር የካርቶን ሣጥን አገኙ። የኮሚክስ ወረቀት እንደ ብራና አይደለም፤ ርካሽ ነውና ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ይቢጫል፥ ይሰባበራልም። የዚያ ቤት አየር ግን ቀዝቃዛ ስለ ነበረ መጽሐፉ በደኅና ቆየ። በ2025 ዓ.ም. በጨረታ በ9,120,000 ዶላር ተሸጠ።

ልጆቿን ስለ ሸጡት አልነቅፍም። ካደጉ በኋላ የልጅነታቸውን መጽሐፍ እየፈለጉ የሚሰበስቡትንም ሰዎች አልስቅባቸውም፤ ሰው የልጅነት ወዳጁን ቢያስብ ምን ነውር አለው? አንድ ነገር ብቻ ያሳዝነኛል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከመሸጡ በፊት ዐዋቂዎች እንደ ተማሪ መርምረው ማርክ ይሰጡታል፤ ለዚህኛው ከ10 ማርክ 9 ሰጡት። ከዚያም እንደ መስተዋት በሚያሳይ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ያሽጉታል። ያ ፕላስቲክ ካልተሰበረ በቀር፥ ያን ያህል ገንዘብ የከፈለው ሰው፥ እኅትና ወንድም በ10 ሳንቲም ገዝተው የገለጡትን መጽሐፍ አንዲት ቅጠል እንኳ መግለጥ አይችልም።