የእባቡ ድርሻ

ቸርና ሁሉን ቻይ አምላክ በፈጠረው ዓለም ኀጢአት በየት በኩል ገባ የሚለው ጥያቄ በክርስትና ትምህርት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሚሰጠው ቃሉ ራሱ ነው። «ኀጢአት» የወጣው «ኀጥአ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ግሱም በደለ ማለት ብቻ ሳይሆን ሳያገኝ ቀረ ማለት በመሆኑ የአማርኛው «አጣ» ከዚሁ ይወለዳል። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ (354–430 እ.ኤ.አ.) ክፋት የራሱ ባሕርይ የሌለው የበጎ ነገር ጕድለት ነው ብሎ ያስተማረው፣ ብርሃንና ጨለማን ሁለት ዘላለማዊ ተፋላሚዎች አድርጎ የሚያየውንና እርሱም በወጣትነቱ 9 ዓመት ያህል የተከተለውን የማኒ ትምህርት ለመርታት ሲሆን፣ ግእዙ ይህንኑ ሐሳብ በአንድ ግስ ይዞት ይገኛል። የቃል ዘር ለዶግማ ማስረጃ አይሆንም ቢባል እንኳ፣ መገጣጠሙ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ጕድለቱን ማን አመጣው ለሚለው ግን ሙሉ ቅጂው በግእዝ ብቻ የተረፈውና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቈጥረው መጽሐፈ ሄኖክ ሁለት ድምፅ ያሰማል። በምዕራፍ 6 እና 7 ሁለት መቶ መላእክት በአርሞንኤም ተራራ ላይ ወርደው የሰውን ሴቶች ልጆች እንዳገቡ፣ በምዕራፍ 8 ደግሞ አዛዝኤል ሰይፍ መሥራትንና ዓይን መኳልን እንዳስተማረ ስለሚተርክ፣ ክፋት ከውጭ የመጣ ትምህርት ይመስላል። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 98 ግን ኀጢአት ወደ ምድር እንዳልተላከና ሰው ከራሱ እንዳስገኘው በመሐላ ቃል ያረጋግጣል። መምህር ሊገኝ ይችላል፤ ተማሪው ግን ትምህርቱን ለመቀበል የተገደደ አይደለም፤ ስለዚህ ሁለቱ ድምፆች ከመጣላት ይልቅ ይደጋገፋሉ፣ ሚዛን የሚደፋውም ሁለተኛው ነው።

«ፈተና» የሚለው ቃልም ሁለት ነገር ያደባልቃል፤ አንዱ አብርሃም እንደ ተፈተነው ያለ እምነትን የሚያነጥር ሲሆን፣ ሌላው ወደ ክፋት የሚጎትት ማባበል ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ እግዚአብሔር ማንንም በክፉ እንደማይፈትን፣ ሰው በገዛ ምኞቱ ተስቦ እንደሚወድቅና ምኞት ከፀነሰች በኋላ ኀጢአትን እንደምትወልድ ሲጽፍ ስለ ሁለተኛው መናገሩ ነው። በፅንሱና በልደቱ መካከል ያለችው ጊዜ ነጻ ፈቃድ፣ ማለትም ያለ አስገዳጅ እሺ ወይም እምቢ የማለት ሥልጣን፣ የሚሠራባት ናት። አባቶች ኀጢአትን በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ይህም በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት ብለው ሲከፍሉ፣ ኀልዮ ያሉት ሳይጠራ ወደ ልብ ብቅ የሚለውን ሐሳብ ሳይሆን፣ ልብ ወንበር ስቦ ያስተናገደውን ነው።

ፈቃድ ነጻ ነው ማለት ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ሰው ያለ ልዩ ጸጋ በራሱ ጥረት ጻድቅ ሊሆን ይችላል ብሎ ያስተማረው ፔላጊዮስ በ418 እ.ኤ.አ. በቅርጣግና ጉባኤ የተወገዘው ይህን ቍስል አቃልሎ በማየቱ ሲሆን፣ ተከራካሪው አውግስጢኖስም በበኩሉ ሮሜ 5፥12ን «ሁሉ ኀጢአትን ስላደረጉ» ከሚለው ከግሪኩ በራቀው የላቲን ትርጕም፣ ሁሉ በአዳም ውስጥ ሆነው እንደ በደሉ አድርጎ በማንበቡ፣ የአዳም በደለኝነት ራሱ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል እስከ ማለት ደርሷል። የምሥራቅ አባቶች ከአዳም የወረስነው ሞትንና ድካምን ነው ማለታቸው ከዚህ ይልቅ ለነጻ ፈቃድ ቦታ ይተዋል።

«ሰይጣን አሳሳተኝ» የሚለው የዕለት ተዕለት ምክንያት እንግዲህ የክርስትና ቋንቋ ቢመስልም፣ የተቀዳው በገነት ከቀረበውና ተቀባይነት ካላገኘው መልስ ነው። አዳም በሴቲቱ፣ እርስዋንም በሰጠው አምላክ ላይ፣ ሔዋን በእባቡ ላይ አላከኩ። እባቡ የተናገረው ቃል ብቻ ነበር፤ ፍሬውን የቈረጠችው እጅ የእርስዋ ናት። በዘፍጥረት 3 እግዚአብሔር አዳምን ጠየቀው፣ ሔዋንንም ጠየቃት፤ እባቡን ግን ፍርዱን ነገረው እንጂ አንዳች አልጠየቀውም።