«ድኗል፤ አሁን የቀረው ስንፍና ነው» የምትሉ ሰዎች፣ እስቲ ስሙኝ!

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

በየቤቱም በየመምህራን ማረፊያውም የምሰማት አንዲት አነጋገር አለች። «መድኃኒቱን ይውጣል፣ ብቻውን ማውራቱንም ትቷል፣ በቃ ድኗል። አሁን የቀረው ስንፍና ነው!» ይቺ አነጋገር ውሸት ናት። ልጆችን ከትምህርት ገበታ የምታስወጣም እሷ ናት።

እኔ የሒሳብ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ይሄን ለማወቅ ግን ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ስኪዞፍሬኒያ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ጩኸቱን ነው፤ የሌለ ድምፅ መስማቱን፣ «ሊገድሉኝ ነው» ማለቱን። ጩኸት የሌለው ሌላ ጎን ግን አለው። ትኩረት ይበተናል፣ አሁን የተነገረ ነገር ይጠፋል፣ ሐሳብ ይዘገያል፣ ሥራን አቅዶ ከዳር ማድረስ ይከብዳል። አዲስ ግኝትም አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ክሬፕሊን በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለበሽታው የሰጠው ስም ራሱ «ያለ ዕድሜ የመጣ የአእምሮ መዳከም» እንደማለት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀን ነገር እኛ ዛሬም «ስንፍና» እንለዋለን!

አሁን ልብ በሉ። እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉት መድኃኒቶች ድምፁንና ጥርጣሬውን ያበርዳሉ። ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጣቸው። የተበተነውን ትኩረትና የደከመውን የማስታወስ አቅም ግን እምብዛም አይመልሱም። እንዲያውም ለመንቀጥቀጡና ለሰውነት መገተሩ ተብሎ የሚታዘዘው አርቴን ራሱ ማስታወስን ሊያደክም ይችላል። «አሁንም ያስፈልገዋል ወይ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው።

ሒሳብ ሳስተምር እኩልዮሹን ደረጃ በደረጃ ነው የምፈታው። ተማሪው ሦስተኛውን መስመር ለመረዳት ሁለተኛውን በአእምሮው ይዞ መቆየት አለበት። የሚጎዳው ታዲያ ይሄ «ይዞ መቆየት» ነው! ሰሌዳው ላይ አፍጥጦ ታዩታላችሁ፤ አልተኛም፣ አልናቃችሁም፤ መስመሩ አምልጦታል።

በዓለም ላይ ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ይሄ ሕመም አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ማለትም እኛ እጅ ላይ እያሉ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ እንደገቡ። በብዙዎች ላይ የማሰቡ ድካም ከመጀመሪያው ጩኸት በፊት ይታያል። ውጤቱ የወረደ ሁሉ ታሟል እያልኩ አይደለም። ጎበዝ የነበረ ልጅ ድንገት ሲወርድ ግን «ጫት ጀምሮ ነው» ብሎ ከመደምደም በፊት «ምን ሆንክ ልጄ?» ማለት ምን ያስከፍላል?

አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ታክሞ ተመለሰ። ፈተና ላይ ትንሽ ሰዓት ይጨመርለት ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ምን ነበር? «ለሱ ከሰጠን ለሁሉም ልንሰጥ ነው።» በሴሚስተሩ መጨረሻ ትምህርቱን ተወ። እሺ፣ ለዓይነ ስውር ተማሪ አንባቢ ስንመድብ «ለሁሉም ልንመድብ ነው» የሚል አለ እንዴ? የለም። ዓይኑ ስለሚታይ ነዋ! የማይታየው ጉዳት ሲሆን ነው ፍትሕ ትዝ የሚለን።

በሌላ ጫፍ ደግሞ «አእምሮው አልቋል፣ ቤት ይቀመጥ» የሚሉ አሉ። እናንተም ተሳስታችኋል። ጉዳቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዳንዱን እምብዛም አይነካውም። የማሰብ ልምምድ ከሥራ ልምምድ ጋር ሲሆን እንደሚረዳ ተረጋግጧል። እዚሁ አገራችን በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተሠራና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ ሰዎች ቤት ድረስ እየሄዱ የደገፏቸው ሕሙማን፣ ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ተዕለት ኑሯቸው ተሻሽሏል። ቤት መዝጋት መፍትሔ አይደለም፤ አብሮ መቆም ነው።

ባልደረቦቼ፣ በጀት የሚጠይቅ ነገር አልጠየቅኳችሁም። ትእዛዙን ጻፉለት፤ አንድ በአንድ ስጡት። ሰሌዳውን ለመጥረግ አትቸኩሉ። ፊት አስቀምጡት። ሰዓት ጨምሩለት። ወላጆች፣ «ስንቴ ልንገርህ!» ከማለት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉለት፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ስልኩ ላይ ሙሉለት። ነርስና ጤና መኮንን የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ (ኮራሁባችሁ!) ደግሞ፣ «ድምፅ ይሰማሃል?» ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። «የነገሩህን ትይዛለህ? ትምህርቱስ?» በሉት።

አልስማማም የሚል ካለ ኮሜንት ላይ እንከራከር። «ሰነፍ ነው» የሚለውን ክርክር ግን ይዛችሁ አትምጡ፤ እሱ ከላይ ተመልሷል።