ጣት ጾታ የለውም



ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ በሰፈራችን ውስጥ ከአፍ ወደ አፍ የሚዘዋወር አንድ አባባል አለ። «ኮምፒዩተር የወንድ ልጅ ነገር ነው፤ ሴቶቹ ፍላጎቱም የላቸው፣ ጭንቅላታቸውም አይቀበለው» ይባላል። አባባሉን ያስነሣው የኮምፒዩተር ትምህርቱ ምዝገባ ነው። ስም ሲጠራ ሴቶቹ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ሆነው ተገኙ። ወዲያው ትርጓሜው ተከተለ፤ «በሩ ክፍት ነበር፣ አልመጡም። እንግዲህ ምን ይደረግ?» ተባለ።

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ስለ እኩልነት ሲናገሩ የምናውቃቸው፣ ፊደል የቆጠሩ ሰዎችም አሉባቸው። ነገሩን በዝምታ ልናልፈው ያልቻልነውም ስለዚሁ ነው። የክፉ ሰው ሐሰት ቶሎ ይታወቃል፤ ደግ ሰው የሚደግመው ሐሰት ግን እውነት መስሎ ዕድሜ ያገኛል።

በመጀመሪያ «አልመጡም» የሚለውን እንመርምር። ትምህርቱ የሚሰጠው መቼ ነው? ሶላሩ ጉልበት በሚያገኝበት ጊዜ፣ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። ቦኖው የሚከፈተውስ መቼ ነው? በዚያው ሰዓት! እስቲ በስምንት ሰዓት ወደ ቦኖው ወርዶ ሰልፉን ያየ ሰው ይንገረን፤ ከቢጫው ጀሪካን ኋላ የቆመው ማን ነው? እንጨት ለቀማ የሄደው ማን ነው? ታናሽ ወንድሟን አዝላ የራሽን ማሽላ ልታስፈጭ የተሰለፈችው ማን ናት? ገዳሪፍ ወርዳ በሰው ቤት ልብስ የምታጥበውስ? ወንዶቹም ሥራ ፈት አይደሉም፤ ሰሊጡ ሲደርስ ወደ እርሻው ወርደው ወገባቸው እስኪቆረጥ እንደሚያጭዱ እናውቃለን። ነገር ግን የሰሊጥ አጨዳ ወራት አለው፣ ያልቃል። ውኃ መቅዳት ወራት የለውም። ስለዚህ «አልመጡም» ከማለት «አልተለቀቁም» ማለት ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ሁለተኛው ክርክር «ፍላጎት የላቸውም» የሚለው ነው። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ደግሞ በገበያው ጫፍ በራኩባ ሥር ያለው የጨዋታ ቤት ነው። «ተመልከቱ፣ ፕሌይስቴሽኑን ከብበው የሚያመሹት ወንዶች ብቻ ናቸው» ይሉናል። እውነት ነው። በጎንደርም፣ በሑመራም፣ በአዲስ አበባም ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሞላው በወንድ ልጅ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የጆተኒ ቤትም እንዲሁ ነበር። ታዲያ አንዲት ልጃገረድ እዚያ ደጃፍ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብትቆም ምን ትባላለች? ስሟ እስከ ማታ በሰፈሩ ይዞራል። ወንድሟ አምሽቶ ሲመለስ «ጨዋታ ወዳድ ነው» ይባላል፤ እርሷ ከደጃፉ ስትመለስ «ዱርዬ» ትባላለች። በእሾህ ያጠሩትን ማሳ «ከብቱ ሣር አይወድም» ብሎ መመስከር ይቻላልን?

ጨዋታ የሚጠላ ልጅ የለም። ቅልብልቦሽ የምትጫወትን ልጅ አስተውሉ። አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውራ፣ ከመሬት ሌሎቹን ለቅማ፣ የወረወረችውን ሳይወድቅ ትቀልበዋለች። ዓይን፣ እጅና ስሌት በአንድ ቅጽበት ተባብረው ይሠራሉ። የቪዲዮ ጨዋታ ከዚህ ሌላ ምን ይጠይቃል? ልዩነቱ የሴቷ ልጅ ጨዋታ «ነይ ውኃ ቅጂ» በሚል ድምፅ ቶሎ መቋረጡ ነው። ወንዱ ግን በጨዋታ ቤት ሳያውቀው ትምህርት ይቀስማል። መሣሪያው ቀጥ ሲል አይደነግጥም፤ አጥፍቶ ያበራዋል። አንዱ ቁልፍ እምቢ ሲለው ሌላውን ይሞክራል። ኮምፒዩተር ክፍል ሲገባ ፍርሃቱን በደጅ ጥሎ ነው። እርሷ ግን በዚያች ቀን ገና መጀመሯ ነው፤ መምህሩም ሁለቱን በአንድ ሚዛን ይመዝናቸውና «ይኸው ችሎታው በተፈጥሮ ነው» ይላል።

እኛ ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣን ሰዎች ይህን በዓይናችን ያየነው ነው። የኮሌጁን ስም መጥራት አያስፈልግም። በኮምፒዩተር ክፍሉ አንድ መሣሪያ ለሦስት ተማሪ ይደርስ ነበር። ማውሱ በወንዱ እጅ፣ እስክሪብቶው በሴቷ እጅ ነበር። እርሱ ይነካል፣ እርሷ ትጽፋለች። በወሩ መጨረሻ የተግባር ፈተናው ውጤት ሲለጠፍ ማን እንደሚበልጥ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የገረመን ውጤቱ ሳይሆን፣ ውጤቱን ያዩ ሰዎች ስለ ወንበሩና ስለ ማውሱ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ስለ ሴት ጭንቅላት መናገር መጀመራቸው ነው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ብሂል የሚሠራው እንዲህ ነው። ለማወቅ የሚያስፈልገውን ጊዜ አስቀድሞ ይወስድና፣ ኋላ «አታውቅም» ብሎ ይፈርዳል።

ለመሆኑ በአገራችን ቁልፍ መምታት የማን ሥራ ነበር? በየመሥሪያ ቤቱ በጽሕፈት መኪና ፊት የተቀመጠችው ሴት ነበረች። የአማርኛን ፊደል ለጽሕፈት መኪና እንዲመች ለማድረግ ኢንጂነር አያና ብሩ ብዙ ደክመዋል። ፊደላችን ከሁለት መቶ በላይ ሲሆን የመኪናው ቁልፎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ብዙውን ፊደል ቁልፍ በቁልፍ ላይ እየደረቡ ማውጣት ግድ ነበር። ታይፒስቶቹ ይህን ሁሉ በአሥር ጣታቸው፣ ቁልፉን ሳያዩ ያደርጉት ነበር። ያን ጊዜ «ሴት ከመኪና ጋር አትስማማም» ያለ አልነበረም። «እጃቸው ትዕግሥተኛ ነው፤ ይህ የሴት ሥራ ነው» ተባለ እንጂ። ደመወዙም እንደ ስሙ ትንሽ ነበር።

ቆይቶ ኮምፒዩተር መጣ። ቁልፎቹ እነዚያው ናቸው፤ መስታወት ተጨመረበት። ዛሬም በየከተማው በፍርድ ቤት ደጅና በቀበሌ አጠገብ ማመልከቻ የምትጽፈው፣ ፎቶ ኮፒ የምታነሣው፣ አታሚው ሲታመም ከፍታ የተሰነቀረውን ወረቀት የምታወጣው ወጣት ሴት ናት። ይህ «የኮምፒዩተር ጽሕፈት» ስለሚባል የሴት ሆኖ ቀረ። ያው መሣሪያ «ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ» ተብሎ ደመወዙ ሲወፍር ግን የወንድ ሆነ። ቁልፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ክፍያው ነው!

ይህ በእኛ አገር ብቻ የተፈጸመ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ኤኒያክ የተባለው ግዙፍ ኮምፒዩተር ለሕዝብ ሲታይ፣ ሥራውን እንዲሠራ ያዘጋጁት ስድስት ሴቶች ነበሩ። እነርሱም ኬይ ማክነልቲ፣ ቤቲ ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ባይላስና ሩት ሊክተርማን ናቸው። መሣሪያውን መገንባት የወንድ ክብር፣ ለመሣሪያው ትእዛዝ ማዘጋጀት ደግሞ የሴት ጉልበት ተደርጎ ይቆጠር ነበርና ለበዓሉ እራት እንኳ አልተጠሩም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው የአፖሎ ኮምፒዩተርም ትእዛዞቹ በቀጭን ሽቦ የተሸመኑ ነበሩ፤ የሸመኑት የፋብሪካ ሴቶች ናቸው። መሶብ የምትሰፉ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ይህን ስትሰሙ አትደነቁም። አንዷ አክርማ ከተቆጠረው ቦታ ብትስት ሐረጉ ሁሉ እንደሚበላሽ ታውቁታላችሁና።

እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 በኮምፒዩተር ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ከሚመረቁት ከመቶ 37 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ 18 ወረደ። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሴት ተፈጥሮ ተለወጠን? አልተለወጠም። ኮምፒዩተር ወደየቤቱ ሲገባ የወንድ ልጅ መጫወቻ ተብሎ ተሸጠ፤ በወንዱ ልጅ መኝታ ክፍልም ተቀመጠ። ጄን ማርጎሊስና አለን ፊሸር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አጠኑ። ዩኒቨርሲቲው በቤቱ ኮምፒዩተር ሲነካካ ላደገ ተማሪ የሚያደላውን አቀባበል ሲያሻሽልና ለጀማሪዎች የሚሆን መግቢያ ትምህርት ሲያዘጋጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመቶ 7 የነበረው የገቢ ሴት ተማሪዎች ቁጥር በ2000 ወደ 42 ወጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ ጭንቅላት አይለወጥም፤ በር ግን ይከፈታል።

የአገራችን ልጅ ቤተልሔም ደሴም ምሳሌ ትሁነን። እ.ኤ.አ. በ1999 ሐረር ተወለደች። በዘጠኝ ዓመቷ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ኮምፒዩተር እየነካካች ገንዘብ መሥራት ጀመረች። ኋላም በአዲስ አበባ በአይኮግ ላብስ ሆና ሕፃናትን ኮድ ለማስተማር በቃች። ብዙዎች «ልዩ ፍጥረት ናት» ብለው ያልፏታል። እኛ ግን ሱቁን ተመልከቱ እንላለን። መሣሪያ ነበራት፣ ጊዜ ነበራት፣ «ሂጂ ከዚህ» ብሎ ያላባረራት አባት ነበራት።

«በባዶ ሆድ ኮምፒዩተር ቅንጦት ነው» የሚሉንም አሉ። ለእነርሱ የአንዲት ስደተኛ ታሪክ እናቅርብ። ስቴፋኒ ሸርሊ እ.ኤ.አ. በ1939 የአምስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ከናዚዎች ሸሽተው በባቡር እንግሊዝ ገቡ። በ1962 የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ ድርጅት አቋቋሙ። በሴት ስም የሚጽፉት ደብዳቤ መልስ ሲያጣ «ስቲቭ» ብለው እየፈረሙ ሥራ አገኙ። የቀጠሯቸው ልጅ ወልደው ሥራ የለቀቁ፣ ቤታቸው ተቀምጠው መሥራት የሚችሉ ሴቶችን ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። ወይዘሮዋ እ.ኤ.አ. በ2025 አረፉ። ስደተኛ መሬት የለውም፣ ከብት የለውም፣ ወረቀቱም በየኬላው ይጠየቃል። በጭንቅላትና በጣት ያለ ዕውቀትን ግን የሚወርስ ኬላ የለም። ታዲያ ከዚህ ንብረት ግማሻችንን መንቀል ለማን ይጠቅማል?

እዚሁም ማስረጃ አይጠፋም። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ከፈነዳ ወዲህ ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር ሰው በስልክ፣ በባንካክ ይከፋፈል ጀመር። ጀበና ጥዳ የምትውለዋ እኅታችን ገንዘቡ መግባቱን በዐረብኛ ከተጻፈው መልእክት አንብባ ታረጋግጣለች፤ ሐሰተኛውን ደረሰኝ ከእውነተኛው ትለያለች። በእጇ ያለው ስልክ ኮምፒዩተር ካልሆነ ምንድን ነው?

ወላጆች ስለ ደኅንነት የሚያነሡትን ሥጋት ግን አንንቅም። ሴት ልጅ ሲመሽ ብቻዋን መሄዷ ያስፈራል። መፍትሔው ግን ልጅቷን ማስቀረት ሳይሆን ሰዓቱን ማዛወር ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አንደኛ፣ የትምህርቱ ሰዓት ከቦኖው ሰዓት ይለይ፤ የወንበሮቹም ግማሽ ለሴቶች ይጠበቅ። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ መሣሪያ ነክቶ ከማያውቅ ሰው ይጀምር። ሦስተኛ፣ አንድ መሣሪያ ለሁለት ሲደርስ ማውሱ በየሩብ ሰዓቱ እጅ ይቀይር። አራተኛ፣ የጨዋታ ቤቱ ባለቤት በሳምንት አንድ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ ቤቱን ለልጃገረዶች ይልቀቅ፤ እናቶችም ከደጁ ጀበናቸውን ጥደው ይቀመጡ። አምስተኛው ለእናንተ ለወንድሞች ነው። እኅታችሁ በምትማርበት ቀን ጀሪካኑን እናንተ አንሡ። ጀሪካንም ጾታ የለውም።

ይህን ሁሉ አድርገን፣ ዓመት ጠብቀን፣ ያን ጊዜም ሴቶቹ «አንፈልግም» ካሉ ፍላጎታቸው ነውና እናከብራለን። እስከዚያው ድረስ ግን ስለ ተፈጥሮ አትንገሩን። ሰልፉን እንከፋፈል፤ ወንበሩንም እንከፋፈል!