ሻማ ወይስ ፋኖስ?

መምህርን ማመስገን ቀላል ነው፤ መምህርን ማኖር ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ቀላሉን መርጦ ያመሰግናል። በየምረቃው በዓል ንግግር የሚያደርገው እንግዳ፥ መምህር እንደ ሻማ ራሱን አቅልጦ ለሌላው ያበራል ይላል፤ ጉባኤውም ያጨበጭባል። እኔ ይህን ምስጋና በማስተማር ባሳለፍሁት ዘመን ሁሉ ሰማሁት፤ አንድም ቀን ግን አልወደድሁትም። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ ምክንያቱን ላስረዳችሁ።

ሻማ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ሲያልቅም ባለቤቱ አያዝንለትም፤ ሌላ ይገዛል እንጂ። ፋኖስ ግን ላምባ ይጨመርለታል፤ ክሩ ይስተካከላል፤ ጥላሸቱም ይወለወላል፤ በዚህም የተነሣ ለብዙ ዘመን ያበራል። እንግዲህ አገር መምህሯን ሻማ ነህ ስትለው፥ ባለቅህ ጊዜ አላውቅህም ማለቷ ነው። የመምህራን ማኅበር የሚያስፈልገውም፥ መምህሩ ሻማ ሳይሆን ፋኖስ መሆኑን ለማስታወስ ነው። ፋኖሱም የሚሰናዳበት ወራት ክረምት ነው።

በምኖርበት በኤረር በር አካባቢ ሐምሌ በገባ ቁጥር፥ «መምህር ታድሏል፤ ሁለት ወር ተኝቶ ደመወዙን ይበላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው በዝናብ ስንቁን ይዞ ለክረምት ትምህርት ወደ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደውን መምህር አላየም። ነሐሴ ሲጋመስ የቤት ኪራይ ጎድሎበት ከባልንጀራው የሚበደረውንም አላየም። ያየው የተዘጋውን የትምህርት ቤት በር ብቻ ነው። በሩ ተዘጋ ማለት ግን የመምህሩ ሐሳብ ዐረፈ ማለት አይደለም።

ሌላው ደግሞ ከዚህ ጠለቅ ያለ መስሎት፥ «ማኅበር ስለ ደመወዝ ሲናገር ሙያውን ያዋርዳል፤ ስለ መንግሥት ዕቅድ ሲናገር ደግሞ ከቦታው ይወጣል» ይላል። እንዲህ ከሆነ ማኅበሩ ስለ ምን ይናገር? ስለ ጠመኔ ብቻ?

ታሪካችን የሚያስተምረው ሌላ ነው። በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ሲያቆም፥ ጥያቄው የገዛ ደመወዙ ብቻ አልነበረም። የዚያን ጊዜው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ለአብዛኛው ሕፃን የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ብቻ የሚያስብ ነበርና፥ መምህራኑ የድኻው ልጅ ከታች ሊቀር ነው ብለው ጮኹ። መንግሥቱም ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። እንግዲህ የመምህሩ እንጀራና የተማሪው ዕድል በአንድ ድምፅ ተነገሩ። ሁለቱን የሚለያይ ሰው አንዱንም አልተረዳም።

ይህ ድምፅ ዋጋ ያስከፈለበትም ጊዜ ነበር። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው እስከ 1994 ዓ.ም. ከእስር አልወጡም። ምክትል ጸሐፊው አቶ አሰፋ ማሩ በሚያዝያ 1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፖሊስ ጥይት ሞቱ። እነዚህ ሰዎች ስለ ጠመኔ ብቻ ቢናገሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰባቸው ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የማኅበር መሪ የሆነ ሰው ክረምቱን በምን ሐሳብ ሊያሳልፈው ይገባል? እኔ በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማኅበር ሰብሳቢ ሆኜ አገልግያለሁና፥ የመሰለኝን በድፍረት እናገራለሁ። አስቀድሞ ላምባውን ይጠይቅ። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት በመጀመሪያ ዲግሪ ሥራ የሚጀምር ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ይላል ብሎ አስታወቀ፤ መልካም ነው። ነገር ግን መሪ አጨብጭቦ ብቻ ወደ ቤቱ አይገባም፤ ገበያ ወርዶ የጤፉን፥ የዘይቱንና የኪራዩን ዋጋ ይጠይቃል እንጂ። ምስጋናም ጥያቄም የሚያውቅ መሪ ይከበራል፤ ምስጋና ብቻ የሚያውቅ ግን የመምህራን ወኪል መሆኑ ቀርቶ የሹም አጃቢ ሆኗል።

ቀጥሎ ደግሞ፥ ይህ መምህራንን ደስ ባያሰኝም፥ ስለ ብርሃኑ ይጠይቅ። ላምባ ተሞልቶለት የማያበራ ፋኖስ አለና። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ላይ ጥብቅ ሆኖ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲሰጥ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነ። ይህ ሁሉ የመምህሩ ጥፋት ነው የሚል ሰው ቢኖር ሐሰተኛ ነው፤ መጽሐፍ ያላገኘ፥ ቁርስ ሳይበላ የመጣ፥ ማንበብ ሳይችል ከክፍል ወደ ክፍል የተገፋ ልጅ ብዙ ነው። ነገር ግን መምህሩ ምንም ድርሻ የለበትም የሚለውም እንዲሁ ሐሰተኛ ነው። ክረምቱን አንድ መጽሐፍ ሳይገልጥ ያሳለፈ፥ በመስከረምም የዐምናውን ማስታወሻ አቧራውን አራግፎ የሚያስገለብጥ መምህር ካለ፥ ከማንም በፊት የማኅበሩ መሪ ሊገሥጸው ይገባል። የራሱን ሰው መገሠጽ የማይደፍር መሪ ሹም ፊት ቢቆም ማን ያምነዋል?

ልጆቼ፥ ከእናንተ መካከል ነገ መምህር የሚሆን አለ፤ የማኅበር መሪ የሚሆንም ይኖራል። እንኪያስ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራችሁን ሻማ ነዎት እያላችሁ አታሞግሷቸው። ይልቁንስ ቀርባችሁ፥ ክረምቱን እንዴት አሳለፉት? ምን አነበቡ? ምንስ ጎደለብዎ? ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱንም ስትሰሙ ለወላጆቻችሁ ንገሩ፤ ወላጆቻችሁም በወላጅና መምህር ስብሰባ ላይ ያንሡት። ላምባው የሚሞላው በዚህ መንገድ ነው እንጂ በጭብጨባ አይደለም።