ችካሉ ከመተከሉ በፊት

«የከተማ ፕላን የባለሙያ ሥራ ነው፤ ሕዝቡ ስለ ቱቦና ስለ መንገድ ምን ያውቃል?» የሚለውን ቃል በየቢሮው ስንሰማ ኖረናል። ለእኛ ግን ይህ ቃል ከዕውቀት ይልቅ ከስንፍና የመጣ ይመስለናል።

አዲስ አበባ ሳትጠየቅ ብዙ ፕላን ወጥቶላታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ሌ ኮርቡዚዬ የተባለው ስመ ጥር አርክቴክት ከተማይቱን በዓይኑ ሳያያት በወረቀት ላይ ነደፋት፤ በንድፉም የነበረው ሰፈርና የነበረው ሰው እንደሌለ ተቆጠረ። ንድፉ በሥራ ላይ ባይውልም፣ ጠላት ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ የአገሬውን ሰው ወደ ምዕራብ ሲያዛውር የተከተለው ያንኑ አሳብ ነበር። ወራሪ አላማከረንም ብለን አንደነቅም። የሚያስደንቀን የገዛ ወገናችን መሐንዲስ በዚያው ልማድ መጽናቱ ነው።

ካርታ ቤትን ያሳያል፤ ዕድርን አያሳይም። አንዲት ባልቴት ስትታመም ማን እንደሚጠይቃት፣ ስትሞትም ማን ድንኳን እንደሚተክልላት የሚያውቀው ጎረቤቷ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር፣ ቤት በቤት ተተካ እንበል፤ ጉሊት ቸርችራ ልጆቿን የምታሳድገው ሴት ደንበኞቿን በየትኛው ፎቅ ታገኛቸዋለች? በኮንዶሚኒየሞቹም ግቢ ለእንጀራ መጋገሪያና ለእርድ የጋራ ቤት መታሰቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ ያ ቤት ለሌላ ሥራ ውሏል። ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክማ የምትወርደውን ሴት አስቀድሞ የጠየቃት ቢኖር ኖሮ ይህን በነገረችው ነበር።

«መጠየቅ ጊዜ ይፈጃል» ይሉናል። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን ጋር ያቀናጀው ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ አስነሣ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ፤ በመካከሉ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ገበሬው ስለ መሬቱ አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ስንት ወር ይፈጅ ነበር?

እርግጥ ነው፣ ድምፅ ሲበዛ ይጋጫል። ባለሱቁ መንገዱ በበሩ እንዲያልፍ ይሻል፤ ጎረቤቱ ስለ ልጆቿ ትሠጋለች፤ የተከራይና የባለርስት ጥያቄ አንድ አይደለም። በአዳራሽም ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው (ቃለ ጉባኤ ስንጽፍ አይተናል)። ሰው ጠርቶ አስጨብጭቦ መበተን ግን ምክክር አይባልም። ረቂቁ ገና በእርሳስ ሳለ በየዕድሩ ስብሰባ ይነበብ፤ ተከራዩም ጉሊት ቸርቻሪዋም ይናገሩ፤ ተቀባይነት ያጣውም አሳብ ለምን እንደ ተጣለ መልሱ ተጽፎ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ።